ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ የቀመሰበት ዓመት

ዘይኔዬ፣

አሰላሙ አለይኪ። አላህ ያለሽበትን ያስፋልሽ፣ ያብራልሽ።

ከተለየሽን ሦስተኛው ረመዳን አልፎ ዒዱም ዋለ። እስካሁን የምነግርሽን ሁሉ በልቤ ነበር የምነግርሽ፤ ዱቄት ስነፋ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ስቀመጥ። አሁን ግን ወሬው በዛብኝ። ሐያት ብቻዬን ሳወራ ደርሳብኝ፣ «አባዬ፣ ለእማዬ የምታወራውን ለምን አትጽፈውም?» አለችኝ። ታውቂኛለሽ፣ በዕድሜዬ የጻፍኩት ትልቁ ጽሑፍ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የምሰቅለው «ዳቦ አልቋል» የሚለው ካርቶን ነው። እንግዲህ ፊደሌን አትታዘቢው።

የቤታችንን ወሬ ላስቀድም። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን የለም። ሰፈሩ እንዳለ ለልማት ተነሣ። ጎረቤቶቻችን አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ሆነው፣ አሁን የምንገናኘው ለቅሶና ሰርግ ላይ ብቻ ነው። አንቺ አረንጓዴ የቀባሽውን በር ወንድምሽ ሸምሱ ነቅሎ ወሰደው፤ የዶሮ ቤት ሠርቶበታል መሰለኝ። እኔ ከሐያትና ከባሏ ጋር ቂርቆስ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሊፍት የለውም። የገባን ሰሞን በየፎቁ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ የቤቱ ሰዎች ልጠይቃቸው የመጣሁ እየመሰላቸው «ግቡ፣ ግቡ» ይሉኝ ነበር። እንደዚያ እያልኩ ከሕንፃው ሰው ሁሉ ጋር ተዋወቅሁ።

ዳቦ ቤቱ አልተነካም። በለጠም እንደ ድሮው ምድጃው ፊት ነው፤ እኔ ሊጥ አቦካለሁ፣ እሱ ይጋግራል፣ ሁለታችንም በየተራ እናኮርፋለን።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የተቀበርሽ ዕለት የሆነውን አልነገርኩሽም። ሚስቱን ወደ ማረፊያዋ የሚያወርድ ባል ነው ብለው ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ጫማዬን አወለቅሁ። አንዱን እግሬን ወደ ጉድጓዱ ስሰድ አፋፉ ተናደ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ግዙፍ ነኝ። ሸምሱ ክንዴን ይዞ በጆሮዬ፣ «ጀማል፣ ወንድሜ፣ ተው። አትችልም። እኔ ልግባላት» አለኝ። እሱ ገባ። እሱ ተቀበለሽ። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ እጆቼ አየር ላይ ቀሩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። እኔ ግን ያን ቀን ገላዬን የሌላ ሰው ገላ እንደማይ አየሁት። ይህን ያህል ጊዜ የት ነበርኩ አልኩ።

ከዚያስ ቀነስኩ? የለም፤ ባሰብኝ። ሐዘንተኛ አይዋል ሳይበላ ብሎ ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል። ሰዉ ሲሄድ ምግቡና እኔ እንቀራለን። ስኳሩ ከፍ አለ፣ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሚዛናቸው ላይ ብወጣ መርፌው መጨረሻ ደርሶ ቆመ። ሲስተሯ አፍራ «ሌላ ቦታ ይመዘኑ» አለችኝ። ዳቦ ቤት ተመልሼ የዱቄት ጆንያ የምንመዝንበት ላይ ወጣሁ። በለጠ አነበበውና ባዶ ጆንያ ጣል አድርጎ ቁጥሩን ሸፈነው።

ሐያት ናት ሐኪሙን ያገኘችው። እሷ ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ሰው ታውቃለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ድምፁ ቀስ ያለ። በወረቀት ላይ ሆድ ስሎ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ከጨጓራዎ ብዙውን ቆርጠን እናወጣለን። የሚቀረው ሙዝ የሚያክል ቀጭን ነው። ትንሽ ሲበሉ ይጠግባሉ። ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ እኛ የምንሠራው የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ የእርስዎ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው» አለኝ።

ሸምሱ ሲሰማ ቤት ድረስ መጥቶ ተቆጣ። «ሰው እንዴት ጤነኛ ሆዱን ያስቆርጣል? አፍህን ያዝ በቃ!» አለ። ሐያት ሻይ እየቀዳች ቀና ሳትል፣ «አጎቴ፣ አፍ መያዝ ቢበቃ ኖሮ አባዬ እስካሁን ይዞት ነበር» አለችው። አንቺን ነው የሰማሁት። ድምፁ ያንቺ ነበር። ሸምሱም ሰምቶታል መሰለኝ፣ ሻዩን ጠጥቶ ወጣ፤ ወደ ሐኪም ቤት በመኪናው የወሰደኝም እሱ ነው።

ዘይኔ፣ ስነቃ ቁስሉ ያማል፣ አፌ ደርቋል፣ ማደንዘዣው ያዞረኛል። ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ እስካውቀው ቆየሁ። ርሃቤ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያልተለየኝ፣ እየበላሁ እንኳ «ቀጥሎስ?» የሚለኝ ነገር ጸጥ ብሏል። የምንኖርበት ሰፈር ወፍጮ ሲቆም ጆሮ እንደሚጮኸው ነበር ጸጥታው። ጥቂት ማንኪያ መረቅ ሰጡኝና ጠገብኩ። እኔ! በሰርጋችን ዕለት የእናትሽ እህት «ይሄ ልጅ ድስቱንም ይበላዋል» ያለችኝ ሰውዬ፣ በማንኪያ መረቅ ጠግቤ «አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ» ብዬ ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩ። «በቃኝ» የሚለው ቃል በአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲሉት ሰምቼ አውቃለሁ እንጂ ምን እንደሆነ አላውቀውም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ኪሎው እንደ ውኃ ነበር የሚወርደው። ሱሪዬን በገመድ አሰርኩ። ሐኪሙ የስኳር መድኃኒቴን ቀነሰልኝ። ፀጉሬም አብሮ ረገፈ፤ «ይመለሳል፣ ቫይታሚንዎን አያቋርጡ» ብለውኝ እውነትም ተመለሰ። የሰው ነገር ግን አስቸገረኝ። እዚህ አገር የወፈረ ሰው «ተመችቶታል» ነው፣ የከሳ ደግሞ ወይ ታሟል ወይ ከስሯል። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ደንበኞች ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ጋሽ ጀማል፣ ደህና ነህ ግን? ሐኪም ዓይቶሃል?» ይሉኛል። አንዴ ደምበል አካባቢ የድሮ ጎረቤታችን የፋጡማ ባል ፊት ለፊት መጥቶ አለፈኝ። ጠርቼው ዞሮ ሲያየኝ ደነገጠ፣ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። «አላህ ይማርህ» ብሎኝ ሄደ። ድኜ ነው አልኩት፤ አላመነኝም።

በዚያው ዓመት ረመዳን መጣ። ሐኪሙ ለመጾም ገና ነህ አለኝ፤ ኢማሙም ሕመምተኛ እንደሆንኩ ነግረውኝ በማልጾመው ቀን ፋንታ ጿሚ አበላለሁ። ሳምቡሳውን እያዘጋጀሁ፣ ለማፍጠሪያ የሚሰለፈውን ሰው እያስተናገድኩ፣ እኔ ከጓዳ ገብቼ ውኃ በጉንጭ በጉንጭ እጠጣለሁ። የሚከብድ ነገር ነው። ዘንድሮ ግን ተፈቅዶልኝ ጥቂቱን ጾምኩ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ሚዛኑ ቆመ።

በቃ ቆመ። እየበላሁ ያለሁት ሕፃን የሚበላውን ነው፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ የለም። ወሩ አለፈ፣ ሌላው ወር አለፈ። የሄድኩበት መንገድ ገና ግማሽ ነው። እሱ ሳያንሰኝ ርሃቡ ተመለሰ። እንደ ድሮው እየጮኸ አይደለም፤ እንደ ዕዳ ጠያቂ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። ሐኪሙ የቆረጠው ጨጓራዬን ነው፤ ምላሴን አልቆረጠውም፣ ትዝታዬን አልቆረጠውም። አሥር ሰዓት ላይ ዘይቱ ሲሞቅና ቦንቦሊኖው ሲገባ ሽታው መጥቶ አንገቴን ይይዘኛል።

አምሮት የእርጉዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐያትን ያረገዝሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ያረረ ዳቦ አማረሽ። ጥቁር እስኪሆን ያረረ። እኔ አንድ ሙሉ ትሪ ሆን ብዬ ምድጃ ውስጥ ረሳሁልሽ። በለጠ ጭሱን ዓይቶ እየሮጠ መጣና፣ «ተወው፣ ሚስቴ ናት» ስለው ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ። አንቺ ካዛንቺስ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠሽ ያንን ከሰል እየቆረጠምሽ፣ ከንፈርሽ ጠቁሮ፣ ደስታሽ! ያኔ እስቅብሽ ነበር። አሁን ገባኝ። አምሮት ሰው የሚመርጠው ነገር አይደለም። መጥቶ ይቀመጥብሻል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሸነፈኝ። ከጆንያዎቹ ኋላ ቆሜ ትኩስ ቦንቦሊኖ እንደ ድሮዬ በሁለት ጉርሻ ዋጥኩት። ብዙም አልቆየም። ደረቴ ላይ ድንጋይ ተቀመጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ መምታቱ ለጎረቤት የሚሰማ መሰለኝ። በለጠ አገኘኝና፣ «ኧረ ጀማል! ፊትህ እኮ ዱቄት መስሏል!» ብሎ ደግፎ አስቀመጠኝ። ሲወጣልኝ ነፍሴ አብራ የወጣች መሰለኝ። በለጠ ጀርባዬን እየዳበሰ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ቦንቦሊኖ ነው፤ አትሙትብን» አለ። ከሕመሙ ይልቅ የፈራሁት ሌላ ነበር። ይህ ሁሉ ቢላዋ፣ ይህ ሁሉ ስቃይ ከንቱ ቀርቶ ወደዚያው ሰውዬ ልመለስ ነው ብዬ።

የምግብ ነገር የምትከታተለኝ ባለሙያ አለች፤ ኡራኤል ጋ ያለው ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ፊቷ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ቀበቶዬን ዓየች። «ጋሽ ጀማል፣ ይሄን ቀዳዳ መቼ ነው የበሱት?» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት አልኳት። «ሚዛኑ ከቆመ ስንት ጊዜዎ ነው?» አለችኝ። ሁለት ወር አልፎታል አልኳት። «አዩ፣ ሚዛኑ ነው የቆመው፤ ሰውነትዎ አልቆመም። ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል። ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል። አምሮቱም ይመጣል፤ ሲመጣ አይደንግጡ። ከዳቦ ጋር እየዋሉ ዳቦ አይንኩ አልልዎትም። መጀመሪያ እንቁላልዎን ይብሉ። ከዚያ ዳቦዋን፣ ትንሽ። ተቀምጠው። አፍዎ ውስጥ ውኃ እስክትሆን ያኝኳት።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ፉርኖ ወጣ። እንቁላሌን በላሁ። ከዚያ ጣቴን የምታክል ቅርፊት ቆርሼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በለጠ ቆሞ ያየኛል። አኘክሁ። መጀመሪያ ጨው ነው። ከዚያ ቅርፊቱ ሲላላ የእሳት ጣዕም መጣ፣ ትንሽ መረር ያለ። እዚህ ላይ ነበር ሁልጊዜ የምውጠው። አልዋጥኩም። ማኘኬን ቀጠልኩ። ከዚያ፣ ዘይኔ፣ ጣፈጠ። ማለቴ እንደ ስኳር ጣፈጠ። ከስንዴው ውስጥ፣ ከራሱ ከዱቄቱ፣ ማንም ያላስገባው ጣፋጭ ነገር ቀስ እያለ ወጣና አፌን ሞላው። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ዕድሜ ልኬን ዳቦ ሳቦካ ስጋግር፣ ከተማው ግማሹ በእጄ ሲበላ፣ ዳቦ ምን እንደሚል አንድ ቀን አልቀመስኩትም ነበር።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለ በለጠ። ቆርሼ ሰጠሁት። «አትዋጠው፣ ዝም ብለህ አኝክ» አልኩት። ሁለት ሽማግሌዎች ምድጃ ፊት ተቀምጠን እንደ በግ ስናኝክ አስቢን። ቆይቶ ዓይኑ ተከፈተ። «ኧረ! ስኳር ጨምረሃል እንዴ ዛሬ?» አለ። አልጨመርኩም አልኩት። «ታዲያ ከየት መጣ?» አለ። እኔም የምጠይቀው እሱን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እህል ውስጥ ማን ደበቀው? በየአፋችንስ ውስጥ ማን የሚያወጣውን አስቀመጠ? ሱብሐነላህ ነው እንጂ ሌላ የሚባል ነገር የለም።

አንቺ ትዝ አልሽኝ። አበላልሽ። አንዲት ዳቦ ይዘሽ እኔ የራሴን ጨርሼ ያንቺን ማየት እስክጀምር ድረስ፣ ራስሽን ወደ ጎን ዘንበል አድርገሽ፣ ሩቅ የሚመጣ ነገር እንደምትሰሚ እያኘክሽ። «ምን ታደርጊያለሽ፣ ይቀዘቅዛል እኮ» እልሽ ነበር። ለካ አንቺ ደርሰሽበት ነበር። ስንት ዓመት ከጎኔ ተቀምጠሽ ይህን ስትቀምሺ ኖረሻል።

አምሮቱ ጠፋ ብዬ አልዋሽሽም። አሥር ሰዓት ሲሆን ይመጣል። እኔም አሁን ሰዓቱን አውቄ ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ። ከቂርቆስ ተነሥቼ በስታዲየም በኩል፣ አንዳንዴ በካዛንቺስ አድርጌ እስከ ኡራኤል። መጀመሪያ የስልክ እንጨት እየቆጠርኩ ነበር የማርፈው። አሁን ሳላርፍ እደርሳለሁ። ካዛንቺስን ብታዪው! መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ ብቻውን የድሮውን ቅያሳችንን ያክላል። አንድ ቀን ቤታችን የነበረበትን ቦታ ልፈልግ ብዬ ወዲያ ወዲህ አልኩ። አጣሁት። ይሄ ይሆን፣ ያ ይሆን ብዬ ቆሜ ቀና ስል ሰማዩን አየሁት። ያ ሁሉ ሰማይ በላያችን ነበር ማለት ነው፤ በቆርቆሮና በሽቦ መሀል ሆነን ቁራጩን ብቻ ነበር የምናየው። አዘንኩ፤ ደግሞም ተገረምኩ። ሁለቱ አብረው መጡ፣ አንዱም ለሌላው ቦታ አልለቀቀም።

ሚዛኑም ተነቃነቀ። በጣም ቀስ ብሎ። አንዳንዴ ወር ሙሉ ምንም፣ ከዚያ ሳላስበው ትንሽ። ከእንግዲህ እንደ ውኃ አይወርድም አሉኝ። እኔም መቸኮል ትቻለሁ። የሐያት ልጅ ከሪማ፣ አንቺ ያላየሻት፣ ጭኔ ላይ ትቀመጣለች። ጭን አለኝ እኮ ዘይኔ! ድሮ ስቀመጥ ሆዴ እስከ ጉልበቴ ይደርስ ስለነበር ልጅ ማስቀመጫ ቦታ አልነበረኝም። እሷ ወጥታ ተደላድላ ጢሜን ትጎትታለች።

አንዱን ልንገርሽና ላብቃ። ያለፈው ዓርብ ነው። መስጂድ ውስጥ የምሰግደው የኋላው ሰልፍ ላይ በወንበር እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ጎንበስ ስል ትንፋሼ ይቆረጥ ስለነበር ግንባር መሬት የሚነካበትን ሱጁዱን በራሴ ንቅናቄ ብቻ ነበር የማደርገው። ዓርብ ስደርስ ወንበሮቹ ሁሉ በሽማግሌዎች ተይዘዋል። ልመለስ ብዬ ሳመነታ ሸምሱ ከሰልፉ ውስጥ ዓየኝና ትከሻውን ጠበብ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ። ሶላቱ ሊጀመር ኢቃማ ተባለ። ሰልፉ ውስጥ ገባሁ።

ሩኩዑን ጎነበስኩ፤ ትንፋሼ አለ። ቀና አልን። ከዚያ ኢማሙ «አላሁ አክበር» ሲሉ ሰዉ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ወረደ፣ እኔም ሳላስበው ጉልበቴ ታጥፏል። እጄ ምንጣፉን ነካ። ግንባሬ ቀጠለ። ዘይኔ፣ ግንባሬ መሬት ነካ። የምንጣፉን ሽታ ሸተትኩ፣ የጎረቤቴን ትንፋሽ ሰማሁ፣ ደሜ ወደ ራሴ ሲወርድ ተሰማኝ። በእኔና በምድር መሀል ምንም አልነበረም። ለዓመታት በዓይኔ ብቻ ሳየው የኖርኩት ቦታ ላይ ራሴን አስቀመጥኩ። ተስቢሑን ጀመርኩ፣ ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ። ኢማሙ ተነሡ፣ ሰዉ ተነሣ፣ እኔ ዘገየሁ። መነሣት አልፈለግሁም ነበር።

ሶላቱ ሲያልቅ ሸምሱ ወደኔ ዞረ። ብዙ የሚያወራ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። ግንባሬ ላይ የቀረውን የምንጣፉን ምልክት ዓየ፣ በአውራ ጣቱ ነካው። «ሱብሐነላህ። ጀማል፣ አንተ ነህ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጥን።

ሰው ለጌታው ከምንጊዜውም በላይ የሚቀርበው በሱጁድ ነው ይባላል። ሁለተኛው ሱጁድ ላይ ምላሴ ሲፈታልኝ ለራሴ ምንም አልለመንኩም። ስምሽን ነው የጠራሁት። ከእንግዲህም ሰውነቴ ቢቀንስም ባይቀንስም፣ አምሮቱ ቢተወኝም ባይተወኝም፣ ጉልበቴ እስከታጠፈልኝ ድረስ በየሱጁዴ ዘይነባ እላለሁ። ከዚያ ዝቅ የሚል ቦታ የለኝም፤ ከዚያ የሚቀርብ ቦታም አላውቅም።

ያንቺው ጀማል